በኦቲሊያ ደጃፍ ከበሮ ሲቆም

ኦክቶበር 3

ዶክተር ቤሪዮስ ጉሮሮዬን በባትሪ መብራት ሲመረምር ቆየና «ዶን ፊሎ፣ ለአርባ ቀን አይናገሩ» አለኝ።

«አርባ ቀን? እኔ ስወለድ አዋላጇ ‹ይሄ ልጅ አፉን መቼ ነው የሚዘጋው?› ብላ የጠየቀችብኝ ሰው ነኝ እኮ!»

አልሳቀም። ለመሳቅ እንኳ አልሞከረም።

እናም ወደ ቤት ስመለስ ይህን ደብተር ገዛሁ። በአፌ የተከለከለው በጣቴ ይውጣ። ትምህርት ቤት የሄድኩት ሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ የቀረውን ያስተማረኝ ሻማ የምጠቀልልበት አሮጌ ጋዜጣ ነው። ስለዚህ ስለ ብዙ ነገር አውቃለሁ፤ የነገሩን መጨረሻ ግን አላውቅም። ገጹ ሁልጊዜ ከመሃል የተቀደደ ነው።

አርባ ቀን ማለት እስከ ኖቬምበር አጋማሽ ነው። የእመቤታችን ዋዜማ ዲሴምበር ሰባት ነው። ጊዜ አለ። ያን ቀን ሲመሽ የላቦሪዮ ሰፈር ግዙፏን አሻንጉሊት ይዞ ይወጣል፤ በየደጁ ግጥም አውራጁ ደግሞ እኔ ነኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ከእኔ በቀር ማንም አላወረደም።

ጊዜ አለ።

ኦክቶበር 7

ግዙፏን ከጣራው እንጨት ላይ አወረድናት። የሚሸከማት ኒካሲዮ፣ ከሰል ሻጩ፣ ከቀሚሷ ሥር ገብቶ ቀና ሲያደርጋት ራሷ ጣራውን ነካ። ያው እንደ ድሮዋ ነች፦ ሦስት ሜትር ቁመት፣ ነጭ ፊት፣ የወርቅ ቀለም ጉትቻ፣ አገሩን ሁሉ ከላይ የምታይ ኩሩ እስፓኛዊት። ድንኩ አጠገቧ ወለል ላይ ተቀምጧል። ከወረቀትና ከሙጫ የተሠራ ትልቅ ጭንቅላት ብቻ ነው፤ ሰው ውስጡ ገብቶ በአፉ ቀዳዳ እያየ ይጨፍራል።

«አጎቴ፣ አይጥ ትከሻዋን በልቷታል» አለች ኤልቢያ። የሟች እህቴ ልጅ ናት፤ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ሻማውንም እኔንም የምትጠብቀው እሷ ናት።

«በዚህ ዕድሜዋ ትከሻዋን የሚነክስላት ማግኘቷም ዕድል ነው» አልኳት በሹክሹክታ።

«አትናገር ተብለሃል! ደግሞ ጫማህን ተመልከት፣ እንደገና ሰም አንጠባጥበህበታል።»

ሹክሹክታ መናገር አይደለም። ሐኪሙም ስለ ሹክሹክታ አላነሳም።

ኦክቶበር 12

ሥራ በዛ። ለሙታን ቀን ስምንት መቶ ሻማ። እጄ አበጠ።

ከመስኮቱ ውጭ ሁለት ሴቶች ያወራሉ፦

«ዘንድሮ ላቦሪዮ አውራጅ የለውም አሉ።»

«ፊሎስ?»

«ድምፁ ሄዷል እኮ። የሳን ፊሊፔ ሰፈር ሰዎች ድምፅ ማጉያ ገዝተዋል።»

ድምፅ ማጉያ! ሰው በደጁ ቆሞ በቆርቆሮ ሊሰደብ!

ልወጣና ልመልስላቸው ተነሳሁ። ኤልቢያ በሩ ላይ ቆማ ጣቷን አፏ ላይ አደረገች።

ኦክቶበር 19

ዛሬ ሐሙስ ነው። እንደ ወትሮው ኤልቢያን ወደ ኦቲሊያ ዳቦ ቤት ላክኋት፤ ከበቆሎና ከአይብ የሚጋገረውን ቀለበት ብስኩት አመጣችልኝ። በአራት ቤት ልዩነት ሌላ ዳቦ ቤት አለ። ግን ጥርሴ የለመደው የኦቲሊያን ነው። አሁን ቡና ውስጥ ነክሬ ነው የምበላው፤ ዘንድሮ ደረቅ አድርጋ ነው መሰለኝ የምትጋግረው፣ አልወርድ ይለኛል።

ዝናቡ እየጣለ ስለሆነ ልጻፍ። ሰው ዝም ሲል የድሮ ነገር ይጮህበታል።

ግጥም ማውረድን ያስተማረኝ ማኤስትሮ ሊሳንድሮ ነው፤ አንድ ዓይኑ የጠፋ ኮርቻ ሰፊ። ያኔ መንገዱ ድንጋይ ብቻ ነበር፤ የበሬ ጋሪ ሲያልፍ ጽዋው ከመደርደሪያ ይወርዳል። «ፊሎ» ይለኝ ነበር፣ «ከበሮው ሲሮጥ ግዙፏ ትዞራለች፣ ድንኩ ከእግሯ ሥር ይንፈራገጣል። አንተ እጅህን ስታነሳ ግን ሁሉም ቀጥ ይላል። ከተማው ሁሉ ትንፋሹን ይዞ የሚጠብቀው አንተን ነው። ያቺን ዝምታ አታበላሽብኝ።» ከዚያ ለቤቱ ባለቤት አራት ስንኝ፤ ስድብ የመሰለ ምርቃት። ከዚያ «ምታ!» ሲባል ከበሮው ይነሳል። በዚህ ከተማ ሳይሰደብ የታለፈ ቤት ዓመቱን ሙሉ ያኮርፋል።

እጄን የማላነሳበት ቤት አንድ ብቻ ነው።

ይጻፍ እንግዲህ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከኦቲሊያ ጋር በዳቦ መስኮቷ በኩል አንድ ዓመት ሙሉ ስንሳሳቅ ቆይተናል። አንድ ቀን «በበዓሉ ዋዜማ ደጅሽ ላይ የምናገረው ነገር አለኝ፤ ሰው ሁሉ ይስማው» አልኳት። ገባት። ለማንም ይገባዋል። አዲስ ቀሚስ አሰፋች፣ የቤቷን የእመቤታችን መሠዊያ በአበባ ሞላች፣ እናቷን በር ላይ በወንበር አስቀመጠች። እኔም ደረስኩ፤ እጄን አነሳሁ፤ ከበሮው ቆመ። አራቱን ስንኝ አዘጋጅቼ ነበር፤ ጥሩ ስንኝ ነበር። ያን ሁሉ ሰው፣ ያን ሁሉ ለመሳቅ የተዘጋጀ ፊት ሳይ ግን አፌ ሌላ ነገር አወጣ፦

የኦቲሊያ ዳቦ ጠዋት ያልቅላታል፣
ገዢው ተሰልፎ በር ያንኳኳባታል፤
ቅርጫቱ ባዶ ነው፣ ሁሉ ተሸጦላት፣
እሷ ብቻ ቀረች፣ ማንም ሳይገዛት።

እንደዚያ ያለ ሳቅ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ሰው መሬት ላይ ተንከባለለ። እሷ አላለቀሰችም። እናቷን በክንዷ ደግፋ አስገባችና በሩን ዘጋችው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነው። በዋዜማው በሩ አይከፈትም። እኛም እዚያ ስንደርስ ከበሮውን አፍጥነን እናልፋለን።

በማግስቱ ሄጄ ይቅርታ ልጠይቅ ነበር። በማግስቱ ግን ሰው ሁሉ ግጥሙን በቃሉ ይዞ ትከሻዬን ይመታኝ ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር። ይህንንም ልጻፍ፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ዘንድሮ እጄን እዚያ አነሳለሁ። ለዚህ ነው ድምፄን የምፈልገው። ለሌላው ቤት ድምፅ ማጉያም ይብቃው።

ኦክቶበር 25

ልምምድ። የመጀመሪያው ስንኝ በደንብ ወጣ። ሁለተኛው ላይ ድምፄ ተሰንጥቆ እንደ አውራ ዶሮ ጩኸት ሆነ። ኒካሲዮ ከግዙፏ ቀሚስ ሥር እየሳቀ «ዶን ፊሎ፣ የቄሱን ዶሮ ድምፅ ቁልጭ አድርገው አወጡት!» አለ። ሁሉም ሳቁ።

እኔም ደገምኩት። አውቄ ያደረግኩት እንዲመስል።

ኤልቢያ አልሳቀችም።

ኖቬምበር 2

ቀኑን ሙሉ በመቃብሩ በር ላይ ሻማ ስንሸጥ ዋልን። ኦቲሊያ ለእናቷ መቃብር አበባ ይዛ መጣች። ፀጉሯ ሸብቷል፤ አካሄዷ ግን ያው ነው፤ እንደ ባለ ዕዳ ሳይሆን እንደ ባለ ርስት ትራመዳለች። አጠገቤ ቆመች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሻማ ከሌላ ሰው ነበር የምትገዛው።

«ዶን ፊላዴልፎ» አለች፣ «ሻማዎ ያጨሳል።»

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር፦ የሚያጨሰው ሻማው ሳይሆን የምታበራው ሴትዮ ናት። አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም። ትንፋሽ ብቻ።



«መልስ የለዎትም?» አለች። «ተዓምር ነው።»

እርስዎ አለችኝ። ድሮ በዚያ መስኮት «አንተ ውሻ» ነበር የምትለኝ።

ኖቬምበር 9

ከሐኪሙ ዘንድ። «ዋና ከተማው ማናጓ አንድ የማውቀው ሐኪም አለ፣ እሱ ቢያይዎት ይሻላል» አለኝ። ዲሴምበር አሥራ አንድ፣ ሰኞ። ትንሽ ቆርጦ ማውጣት። እንደ ዓሣ አጥንት ያለ ነገር ነው መቼም።

«ከዚያ በኋላ እናገራለሁ?» አልኩት።

«እናያለን» አለ።

ሐኪም «እናያለን» ሲል የሚያየው እሱ ብቻ ነው። ደግሞ አብሮኝ የሚኖር ዘመድ እንዳለ ጠየቀኝ። ምን አገባው? ለኤልቢያ ባል ሊያመጣ ነው?

ለኤልቢያ የነገርኳት ሳል ነው ብዬ ነው።

ኖቬምበር 14

አርባው ቀን አለቀ። ሰም ማቅለጫው ጋ ብቻዬን ቆሜ ሞከርኩት። አንድ ስንኝ።

ግማሽ ስንኝ።

ኖቬምበር 16

ዛሬ ተጣላን። ጠቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ኤልቢያ ሰሙን እያፈሰሰች፣ ሳታየኝ፣ «ዘንድሮ እኔ ላውርድ» አለች።

ለመነጋገሪያ በያዝኩት ትንሽ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩላት፦ «ሴት አውራጅ? ግዙፏ ቀንታ ትወድቅብሻለች።»

«ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ግጥሞችህን ሁሉ በቃሌ አውቃቸዋለሁ። አንተ ስትረሳ የምነግርህ ማን ሆነና?»

«ጢም ስታወጪ እናስብበታለን» ብዬ ጻፍኩ።

የፈሰሰውን ሰም ትታ ወጣች። እኔም ሰሌዳዬን ይዤ ቀረሁ፤ ጢም የሚለው ቃል በጠመኔ፣ በትልቁ። አንድ ሰው ከልቡ ሲጠይቀኝ የማደርገው ይኸው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አልተማርኩም።

ኖቬምበር 17

አላናገረችኝም። ቤቱ ውስጥ ሁለት ዝምተኛ ሆነ። ምሳ በጣም ጨው ነበረው፤ ለመናገር አልደፈርኩም፣ ለመጻፍም።

ኖቬምበር 23

ለኦቲሊያ ደጃፍ የሚሆን ግጥም ስሞክር ሳምንቱ አለቀ። ሁሉንም እዚህ ጽፌ ሰረዝኩ። የምሳለቅ ከሆነ ስንኙ እንደ ውሃ ይወርዳል። ይቅርታ ስጽፍ ብዕሩ እንደ በሬ ይገግማል። ዛሬ የጻፍኩትን ጠረጴዛው ላይ ትቼው ሄጄ ስመለስ ኤልቢያ ይዛው አገኘኋት። እያነበበች ነው። ደብተሩንም አንብባለች፣ ከፊቷ አወቅሁ። ማናጓንም አውቃለች።

ስለ ማናጓ አንድ ቃል አላነሳችም። ዓይኗ ቀልቷል። ወረቀቱን ዘርግታ እንዲህ አለች፦

«አጎቴ፣ ይሄ ግጥም አይደለም። ማመልከቻ ነው። ‹ክብርት ሆይ ጥፋቴን አምኜ› ይላል! ማኅተም ብቻ ነው የቀረው።»

ሳቅኩ። ሳቁ አመመኝ። ከዚያ ሰሌዳውን ወስጄ ጢም የሚለውን ቃል አጥፍቼ «አውርጂ» ብዬ ጻፍኩላት።

አነበበችው። ሰሌዳውን ተቀብላ ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛው ቆየች፤ ቀሚሷ ጠመኔ በጠመኔ ሆነ።

ኖቬምበር 28

ዘጠኙ የጸሎት ቀን ተጀመረ። በየቤቱ መዝሙር ነው። አመሻሽ ላይ ጓሮ ውስጥ አስተምራታለሁ። ድምፅ አያስፈልገኝም፤ እጅ ነው የማስተምራት። እጅ ቶሎ አይወርድም። የሰው ሳቅ ሲመጣ አትሩጪበት፤ እንደ ሰም እስኪረጋ ጠብቂው ብዬ ጻፍኩላት። ማኤስትሮ ሊሳንድሮ ያለኝን ሁሉ ስጽፍላት የእሱ ኮርቻ ቆዳ የሚሸተኝ መሰለኝ።

እንደ ሙከራ የመጀመሪያዋን በእኔ ላይ አወረደች፦

አጎቴ ዝም ብሏል፣ ሰፈር ተገረመ፣
ሻማው እንኳ ሰምቶ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ኒካሲዮ ከሰሉን ጥሎ አጨበጨበ። ሁለት ስንኝ ይጎድላታል ብዬ ጻፍኩላት፤ ግን ከእኔ የመጀመሪያ ትሻላለች። ይህን አልጻፍኩላትም፤ እዚህ ግን ጽፌዋለሁ፤ ደብተር መስረቅ እንደሆነ ለምዳለች።

«የኦቲሊያ ደጃፍስ?» ብዬ በሰሌዳዬ ጠየቅኳት።

«እሱን ለእኔ ተውልኝ።»

«አሳዪኝ።»

«ማስፈቀድ የለም። አንተ ማንን አስፈቅደህ ታውቃለህ?»

ዲሴምበር 4

ጥያቄው እኔ የት እሆናለሁ ነበር። ከሰው መሃል ቆሜ ልስማ? አልችልም። አንድ ሰው «ዶን ፊሎ፣ ለምን አያወርዱም?» ይለኛል፣ እኔም አፌን ከፍቼ እንደ ዓሣ እቆማለሁ።

ከዚያ ዓይኔ ድንኩ ላይ ወደቀ። ድንክ አይናገርም። ፊቱ አይታይም። ቁመቱ አጭር መሆን አለበት፤ ለዚህስ እናቴ ጥሩ አድርጋ ነው የሠራችኝ። ኒካሲዮን በምልክት አስረዳሁት።

«እርስዎ? በዚህ ዕድሜ? ጉልበትዎ!»

«ጉልበቴ መቼ ታመመ?» ብዬ ጻፍኩ።

ከበሮ መቺዎቹንም ማንም እንዳይናገር አስማልናቸው። ሰው ሁሉ ፊሎ ቤቱ ተኝቷል ይበል።

ዲሴምበር 7

ጠዋት። ሻማው ሁሉ አለቀ። መንገዱ ተጠርጓል። በየመስኮቱ ሸንኮራ፣ ብርቱካን፣ የበቆሎ ጣፋጭ ይደረደራል። ኤልቢያ ምንም አልበላችም። ባርኔጣዬን ሰጠኋት፤ ሰፋት፣ ጋዜጣ ጠቀጠቅንበት። ጫማህን ጥረግ ትለኛለች። ጊዜ የለም። ከበሮው ማዕዘኑ ላይ ይሰማል።

ዲሴምበር 8

ቀስ ብዬ ልጻፈው። ጉልበቴም ይጮኻል፤ ኒካሲዮ ትክክል ነበር።

በድንኩ ጭንቅላት ውስጥ የድሮ ሙጫ ይሸታል፤ የራስህን ትንፋሽ ትሰማለህ፤ ራስህን ካላቀናህ ዓለም በአፍ ቀዳዳ በኩል ከወገብ በታች ብቻ ናት። ከተማዬ ቀሚስና ሱሪ ብቻ ሆና ታየችኝ። ስንወጣ ጉርምርምታ ተሰማ፦ «ሴት ናት! ፊሎ የት ሄደ?» ኤልቢያ ፋርማሲው ደጃፍ እጇን አነሳች። ከበሮው ቆመ። ያቺ ዝምታ፣ የሠላሳ አራት ዓመት ጓደኛዬ፣ የሌላ ሰው ስትሆን ከውስጥ ሰማኋት። ታሳምማለች፤ ግን ታምራለች። ኤልቢያ ስለ ፋርማሲው ባለቤት ቦርጭ አወረደች፤ ሰውየው ራሱ በሳቅ ታጠፈ። እጇ ቶሎ አልወረደም። ሳቁ እስኪረጋ ጠበቀችው።

ከዚያ ኋላ ሳን ፊሊፔዎች ከነድምፅ ማጉያቸው መጡ፤ ማንም ዞሮ አላያቸውም።

የዳቦ ቤቱ ማዕዘን ላይ ስንደርስ ከበሮው እንደ ልማዱ ፈጠነ። ኤልቢያ እጇን አነሳች። ከበሮ መቺዎቹ ግራ ገባቸው፤ አንዱ ሁለት ጊዜ መትቶ ቆመ። እኔ እግሬ እዚያው ተተከለ። በሩ ተዘግቷል። ከሥሩ ግን ቀጭን ብርሃን ይታያል፤ እኔ ካለሁበት ከታች ብቻ የሚታይ ብርሃን። ሠላሳ አንድ ዓመት ከላይ ሳልፍ አላየሁትም። ከበሩ በስተጀርባ ሁለት እግር ቆሟል።

ኤልቢያ እንዲህ አለች፦

ሠላሳ አንድ ዓመት የተዘጋ በር፣
ምላሰኛ አጎቴ ሲያልፈው ይኖር ነበር፤
ዘንድሮ ምላሱን ቆልፈንበታል፣
ያልገዛው ዳቦ ቆጭቶት ደጅሽ ላይ ቆሟል።

ማንም አልሳቀም። የድሮውን ግጥም የማያውቅ በዚያ መንገድ ላይ አልነበረም። አሳልፋ ሰጠችኝ! ልሸሽ አሰብኩ፤ ግን ድንክ ሆኖ መሸሽ አይቻልም፤ ጭንቅላቱ በየትም አያስገባም።

የበሩ መወርወሪያ ሲነሳ ተሰማ። ቀሚስ አየሁ። ከዚያ የዳቦ ቅርጫት። ወደ ግዙፏ አልሄደችም፣ ወደ ኤልቢያም አልሄደችም። ፊት ለፊቴ ቆመች፤ ጫማዬን አየች፤ የሰም ጠብታውን። ጎንበስ አለችና የድንኩን ግንባር በጣቷ ሦስት ጊዜ አንኳኳች።

«ቤቶች! ሰው አለ?»

ዝም አልኩ።

«ፊሎ» አለች። ዶን የለም፣ እርስዎ የለም። «አንተ ውሻ፣ ዝም ማለት እንደምትችል ባውቅ ኖሮ ያኔ አገባህ ነበር።»

መንገዱ በሳቅ ፈረሰ። በዚያው መንገድ፣ በዚያው ደጃፍ፤ ዘንድሮ የተሳቀው በእኔ ነው። እሷም ሳቀች፤ ሳቋ አላረጀም። ከቅርጫቱ አንድ ቀለበት ብስኩት አንስታ በድንኩ አፍ አስገብታ አፌ ላይ አደረገችልኝ። አልዋጥኩትም። እስኪሟሟ ያዝኩት።

ከልማዴ የተነሳ እጄን አነሳሁ። ሁሉም ቀጥ አለ፤ ከተማው ትንፋሹን ያዘ። የምለው ነገር አልነበረኝም። ይህም ሐኪሙ ስለከለከለኝ አይመስለኝም። ጭንቅላቱ ውስጥ ፊቴ ሁሉ እርጥብ ነበር፤ ሙጫው ነው መሰለኝ።

«ምቱ እንጂ!» አለቻቸው ኦቲሊያ ከበሮ መቺዎቹን። «ምን ትጠብቃላችሁ?»

ዛሬ ጠዋት ኤልቢያ ሻንጣዬን ስታዘጋጅ ኦቲሊያ ሻማ ልትገዛ መጣች። አንዱን አንስታ አገላብጣ አየችው።

«ያጨሳል» አለች።

«ግዢና ዝም በዪ» ብዬ በሰሌዳው ጻፍኩላት።

ገዛች። ሄዳ ከበሩ ተመለሰች። ኤልቢያ ስለ ማናጓ ነግራታለች መሰለኝ።

«የሰኞው አውቶቡስ በስንት ሰዓት ነው?»

ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ብዬ ጻፍኩ።

«ዳቦዬ ከምድጃ የሚወጣው በአሥር ነው» አለችና ሄደች።

ትኩስ ዳቦ አይወርድልኝም። ለእሷ አልነገርኳትም። እስከ ማናጓ ጭኔ ላይ ይዤው እሄዳለሁ።